የትኛው ጥቁር ይበልጥ ይጠቁራል?

ጥቁር ከጥቁር ይበልጣል እንዴ? እኔ እስካሁን አልገባኝም። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ፊልም የምናይበት ፕሮጀክተር ሊገዛ ብሎ፣ ሁለት ውድ ውዱን ከባለሱቅ ጓደኛው ተውሶ አመጣ። ሊያወዳድራቸው በቀን መስኮቱን ዘጋው። አሁንም ብርሃን ቢገባበት የሕፃን ልጄን ብርድ ልብስ ገፎ መስኮቱ ላይ ሰቀለው! ልጄ ደግሞ ያስለዋል፤ የደብረ ማርቆስን የክረምት ብርድ ታውቁታላችሁ። ደረቴ ውስጥ ሸጉጬው ቆምሁ። እሱ ጥቁሩን ይበልጥ የሚያጠቁረው ፕሮጀክተር ፊልሙን አጥርቶ ያሳያል ባይ ነው፤ ሁለቱን ግድግዳው ላይ አብርቶ አፍጥጦ፣ «አንቺ፣ የየትኛው ጥቁር ይበልጥ ጠቆረ?» አለኝ።

«የጠቆረስ የኔ ፊት ነው!» አልሁት። ዞር እንኳ ሳይል፣ «እሱን መብራት ሲበራ እናየዋለን» አይለኝም! ተናድጄ ብርድ ልብሱን ባወርደው «ጨለማዬን አበላሸሽው» ብሎ አኮረፈ። አንዱን መግዛቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የልጄ ብርድ ልብስ መጋረጃ ሆኖ ሊቀር ነው። እናቶች፣ ሳንጣላ ምን ብዬ ልመልሰው? እባካችሁ ምከሩኝ።