ሞተሩን ሳጠፋ የመጣው ድምፅ

ያን ጊዜ መቱ ውስጥ የቡና ነጋዴው የጋሽ ወልዴ ሾፌር ነበርኩ። አንድ እሑድ ጋሼንና ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን ይዤ ከቡሬ ስመለስ ጭቃ ያዘንና ሰዓቱ መንገድ ላይ ደረሰብን። የምን ሰዓት አትሉኝም? አዲስ አበባ የምትማረው ልጃቸው በሬዲዮ ግጥም የምታነብበት ነዋ! ልጅቱ በሳል ታማ ከረመች የሚል ወሬ ደርሷቸው፣ እናቷ እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል።

የመኪናውን ሬዲዮ ብከፍተው "ሽሽሽ... ጥርርር" ብቻ። አንቴናውን ሳብኩ፣ ጣቢያውን ወዲያ ወዲህ አዞርኩ፣ ወይ ፍንክች! "ትናንት የሞተሩን ካንዴላ ስትቀይር ምን ነካክተህ ነው?" ብለው ጋሼ አፈጠጡብኝ። እንጀራዬ አበቃ ብዬ ደነገጥኩ። ድንገት ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ነዳጅ ስረግጥ ጩኸቱ ይብሳል፣ ስለቅ ይቀንሳል። ለካ የሚያስጮኸው ሞተሩ ኖሯል! ዳር ይዤ ቆምኩና አጠፋሁት። ወዲያው የልጅቱ ድምፅ ኩልል ብሎ መጣ።

"ልጄ!" አሉ ጋሼ።

"ዝም ይበሉ እስቲ!" አሉ እትዬ፣ ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ለጥፈው።

ግጥሙ ሲያበቃ እትዬ ቀና ብለው፣ "አንዴም አላሳላትም! ዋቃዮ ገለቶሚ፣ ተመስገን አምላኬ፣ ድናልኛለች!" አሉና እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔም እፎይ አልኩ። ግጥሙ ስለ ምን ነበር ብትሉኝ ግን አላውቅም፤ ሦስታችንም ስናዳምጥ የነበረው ሳሏን ነው።