ነጭ ሽንኩርት ያልሸተተኝ ቀን

ክቡራትና ክቡራን የማኅበራችን ሠራተኞች፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ እንዳልካቸው፣ ይህን የጡረታ ድግስ ስላሰናዳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ለስላሳውን ግን ከፊቴ አንሡልኝ፤ ስኳር እንዳለብኝ እያወቃችሁ!

እኔ ማለደ፣ ጎንደር ላይ ቅቤ ስረከብ አረጀሁ። ፊደሉንም የቆጠርሁት፣ ቅቤውንም የለየሁት በራሴ ነው። ከእጄ ጀርባ ላይ ቀብቼ አሸታለሁ። «ግባ» ካልሁ ይገባል፤ «ተመለስ» ካልሁ ይመለሳል። ማን ተከራከረኝ?

ቅቤ አቅራቢዋ የትነበርሽ! ከድብ ባሕር ያመጣችውን ቅቤ «ሽታ የለው፣ ባዕድ ነገር ገብቶበታል» ብዬ መለስሁባት።

«ምነው አያ ማለደ! ቅቤዬ ምን ሆነ? አፍንጫህን ተመርመር!»

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔ ንቅንቅ አላልሁም፤ እሷም ንቅንቅ አላለችም። ከዘንቢሏ ነጭ ሽንኩርት አውጥታ በድንጋይ ቀጠቀጠችና አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«ይኸስ?»

ዓይኔ አለቀሰ። አፍንጫዬ ግን ምንም! ሳቁ ቆመ። ሚዛን ላይ የምትሠራው ዝናሽ መጥታ ቅቤውን አሸተተችና «ለጋ ነው፣ አያ» አለች። ገባ።

ሄጄ ብመረመር፣ ሐኪሟ ዶክተር ሰሎሜ ስኳር አገኘችብኝ። «ሳይታወቅ ሲቆይ፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ማሽተትን ያዳክማል። ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም» አለችኝ። ግን እግሬን ሳይበላ፣ ዓይኔን ሳያጠፋ ተደረሰበት። ያቺ ሽንኩርት ትባረክ!

አፍንጫው የጠፋ ቅቤ ተረካቢ ምን ይሠራል? አቶ እንዳልካቸው በደግነት «አያ፣ ጥበቃ ላይ ቢሆኑስ?» አሉኝ።

«በር አልጠብቅም! ዝናሽን ስጡኝ» አልሁ።

እሷ ታሸታለች፣ እኔ እጠይቃለሁ።

«ምን ምን ይላል?»

«ጭስ ጭስ።»

«የተናጠበት ቅል ታጥኖ ነው፤ ግባ። ይኸኛውስ?»

«የቆየ ዘይት።»

«ተመለስ!»

ስትሳሳት ጮኽሁባት። ስከራከራት «አያ፣ አፍንጫው የኔ ነው!» እያለች ጮኸችብኝ። ዛሬ ቅቤ የሚገባው በእሷ ቃል ነው።

እናንተንም እየነዳሁ ስኳር አስመረመርኋችሁ። ግማሾቻችሁ ረገማችሁኝ። የተገኘባችሁ ግን ዛሬ በጤና ቆማችሁ ታጨበጭባላችሁ። ታዲያ ማን አሸነፈ?

እንጀራችሁን ያብዛላችሁ፤ ዓይን ከእግር፣ አፍንጫ ከልብ ሳያጎድል ለጡረታ ያብቃችሁ። ሐሰተኛ ቅቤ ደጃችሁን አይርገጥ። አሜን በሉ!

የትነበርሽ አናቴን ልትቀባኝ ቅቤ ይዛ መጥታለች። ቆይ፣ እንዲሁ አልቀባም!

ዝናሽ፣ ምን ይላል?

ለጋ ነው? እንግዲያ ግባ!