በወተት የሚዋጠው እንክብል

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ወደዚያች መድኃኒት ቤት የገቡት ወደው አልነበረም። የለመዱት መድኃኒት ቤት ያን ቀን ተዘግቶ አገኙት፤ ዝናቡም ማካፋት ጀመረ። አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ቤት ጎራ ያሉት ጨንቋቸው ነው እንጂ፣ የለመዱትን የሚቀይሩ ሰው አይደሉም። የጥርስ ሐኪማቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንኳ ጥርሳቸውን ለማንም አሳይተው አያውቁም።

ኮፍያቸውን አራግፈው ከኪሳቸው ባዶ የእንክብል ማሸጊያ አወጡና የመስታወት ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ አይረን ነው የምፈልገው፤ ግን ከዚህ የበረታ። ካለሽ ሁሉ ኃይለኛውን ስጪኝ።»

ነጭ ጋዋን የለበሰችው ወጣት ባለሙያ ማሸጊያውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እሳቸውን ስታይ ፊቷ ፈካ አለ።

«አባባ፣ እርስዎ ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት የነበሩት ልብስ ሰፊ አይደሉም? የደንብ ልብሴን የሰፉልኝ እርስዎ ነዎት። ‹ገና ታድጊያለሽ› እያሉ የቀሚሴን ጠርዝ ወደ ውስጥ ብዙ ያጥፉልኝ ነበር።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። «እና እጥፉ በቃሽ?»

«እስኪያልቅ ድረስ ፈትቼዋለሁ።»

ፈገግ አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጣ ፈገግታ ስለነበረ ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው፤ ወዲያው ሰበሰቡት።

«አይረኑ ለማን ነው አባባ?»

«ለድንቡሼ።»

ድንቡሼ አንድ ልጃቸው ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ወፍራም ስለነበረች። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ ከልብስ ስፌት ሱቁ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ። እሷ የሕፃናት አስተማሪ ነበረች። እሳቸው ደግሞ በየዓመቱ የቀሚሷን ጎን እየፈቱ ሲያሰፉላት ኖረዋል፤ አንድም ቀን ‹ወፈርሽ› ብለዋት አያውቁም። ጉልበቷ አልሸከም ሲላትና ስኳሯ ከፍ ሲል፣ ሐኪሞች ክብደት የሚቀንሰውን የጨጓራ ኦፕራሲዮን መከሯት። ይህን ሲሰሙ ሽማግሌው ሰማይ የተደፋባቸው መሰላቸው። «ጨርቁን ሳሰፋልሽ እኖር ነበር፤ ሆድ ለምን ይቆረጣል?» አሏት። እሷ ግን ሐሳቧን አልለወጠችም።

መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ መልካም ሆነ። ስኳሩ ወረደ፣ ጉልበቷም ቀለላት፤ ሽማግሌው ሲያሰፉ የኖሩትን ቀሚስ ማጥበብ ጀመሩ። ከዚያ ልጅቷ መገርጣት አመጣች። ጸጉሯ በማበጠሪያው እየተነቀለ ይወጣል። ደረጃውን አጋምሳ ትቆምና ግድግዳ ተደግፋ ታለከልካለች። የደም ማነስ ነው ተባለና አይረን ታዘዘላት፤ አይረኑ ጠብ የሚል ነገር አላመጣም። ቆሞ ማስተማር ሲያቅታት ፈቃድ ወሰደች፤ ፈቃዱ ሲረዝም በቦታዋ ሌላ ሰው ተተካ። ከዚያ በኋላ ከአልጋ የምትነሣበት ምክንያት ያለቀባት ትመስል ነበር።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገሯት። ባለሙያዋ ሰምታ ስትጨርስ ማሸጊያውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ከዚህ የበረታ አልሰጥዎትም፣ አባባ።»

«መድኃኒት ቤት አይደለም እንዴ ይሄ?»

«ስለሆነ ነው። እስቲ መጀመሪያ እንዴት እንደምትወስደው ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። በዚህስ የሚታሙ አልነበሩም።

«የምሰጣት እኔ ነኝ። ጠዋት ተነሥቼ ወተት አሞቃለሁ። አይረኑንና የአጥንቱን፣ ካልሲየም የምትሉትን፣ አንድ ላይ ይዤ አልጋዋ ድረስ እወስድላታለሁ። በባዶ ሆድ የተዋጠ መድኃኒት አንጀት ይልጣል፤ ወተቱን እስክትጨርስ ካጠገቧ አልነሣም። ከዚያ ሻይ። አንድ ቀን አጓድዬ አላውቅም።»

መራራ ነገርን ለማያውቁት ሰው መንገር አይከብድም፤ የልጅነት ልብስን ለሰፋ ሰው ሲሆን ግን አፍ ይያዛል። ወጣቷ በርጩማ ስባ አስቀመጠቻቸው።

«የምነግርዎ ነገር ደስ አይልም።»

«ደስ የሚል ነገር ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ተናገሪ።»

«ያ ኦፕራሲዮን ጨጓራዋን ማሳነስ ብቻ አይደለም ያደረገው፤ ምግቡ የሚሄድበትንም መንገድ ቀይሮታል። አይረን በብዛት ወደ ደም የሚገባው ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የአንጀት መጀመሪያ ላይ ነው። አሁን የምትበላው ያን ቦታ ሳይነካ ያልፋል። የጨጓራው አሲድም ቀንሷል። ስለዚህ ከምትውጠው የሚገባላት ትንሽ ነው። ያችን ትንሽ ደግሞ ወተቱና ካልሲየሙ ይጋፏታል፤ ከነሱ የተረፈውን ሻዩ ይይዘዋል።»

«ወተት መርዝ ሆነ በይኛ።»

«አልሆነም። ካልሲየሙም የግድ ያስፈልጋታል። ግን ከአይረኑ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቅ። አይረኑ በውኃ ይዋጥ፤ ቫይታሚን ሲ ቢታከልበት ደግሞ ይረዳዋል።»

«ባዶ ሆዷን ቢያቃጥላትስ?»

«ካስቸገራት ጥቂት ምግብ ትቅመስበት፤ ወተት የሌለበት።»

«እናታችን ለታመመ ሁሉ ወተት እያጠጣች ነው ያሳደገችን፣ ልጄ። አንዳችንም አልሞትንም።»

«የእናትዎ ልጆች አንጀታቸው አልተነካም፣ አባባ።»

ሽማግሌ ሰው መልስ ሲያጣ ወደ ሌላ በር ይዞራል፤ እሳቸውም ማሸጊያውን በጣታቸው ገፋ አደረጉ።

«ይሄንንስ እንዲያው በዘፈቀደ የገዛሁት መሰለሽ? ተራው ሆዷን እንዳያውከው ብዬ፣ ሽፋን ያለውን፣ ቀስ ብሎ ይሟሟል የተባለውን ለይቼ ነው።»

«ለእርስዎ ሆድ መልካም ምርጫ ነበር። በሷ ሆድ ግን የሚሟሟው አይረን ሊገባበት የሚችለውን የቀረውን ቦታም ካለፈ በኋላ ነው፤ ሳይጠቅማት ይወጣል። ለሷ ሽፋን የሌለው ተራው ወይም ፈሳሹ ይሻላት ነበር።»

ሽማግሌው ብዙ ዓመት መርፌ የያዙ ጣቶቻቸውን አዩ። «አፉ የተሰፋ ኪስ ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥሎም ተስፋ የቆረጠ ሰው በሚይዘው ግትርነት፣ «እንግዲያው እጥፍ እሰጣታለሁ» አሉ።

«አፉ የተሰፋ ኪስ ላይ እጥፍ ቢያፈሱበት ምን ይጠቅማል? ሆዷን ያውከዋል እንጂ። ደግሞ አይረን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲበዛ ራሱ ይጎዳል።» ትንሽ አሰብ አድርጋ ጠየቀች፦ «በረዶ ትቆረጣጥማለች?»

ሽማግሌው ክው አሉ። «ማን ነገረሽ?»

ድንቡሼ ከፍሪጁ በረዶ እያወጣች ስትቆረጣጥም ትውላለች። ክፍላቸው በአንድ ስስ ግድግዳ የተለየ ስለሆነ ድምፁን ይሰሙታል፤ ‹ጥርስሽን ልትጨርሺው ነው› እያሉ ሲቆጧት ከርመዋል።

«ማንም አልነገረኝም። አይረን ያለቀበት ሰው ብዙ ጊዜ በረዶ ያምረዋል። ዐመል አይደለም፤ ሕመሙ ነው። አባባ፣ እንክብል የምንመርጥበት ጊዜ ያለፈ ይመስለኛል። ሆስፒታል ይውሰዷት። የአይረን ክምችቷን ይለኩ፤ ቢ አሥራ ሁለት የሚባለውንም ቫይታሚን ይዩላት፤ ደም የሚፈስበት ቦታ እንዳለም ይመርምሩ። ኦፕራሲዮኑን እንዳደረገች መጀመሪያ ይንገሯቸው። በአፍ አልገባ ያለ አይረን በደም ሥር ይሰጣል። ለመሆኑ ክትትሏን ታደርጋለች?»

«ድኛለሁ ብላ ተወችው። መልሶ ሲያማት ደግሞ አፈረች። አሁን አትሄድልኝም ልጄ። ትናንት እንክብሉን ከእጄ አልቀበል አለች። ‹በቃ፣ ከእንግዲህ ምንም አልውጥም፤ ተወኝና ልሙት› ነው ያለችኝ።»

«ምን እንዲህ አስከፋት?»

«እኔ ምን አውቄ» አሉ ሽማግሌው።

ያውቁ ነበር። ልጅቷ ባለከለከች ቁጥር፣ ጸጉሯ በተነቀለ ቁጥር ‹ያኔ ብዬሽ ነበር› ይሏታል። በቁጣ አይደለም፤ ሆዳቸው እየባባ ነው። የምትለብሰው ልብስ፣ የምትተኛበት ትራስ እስኪመስላት ድረስ ያቺን ቃል ስትሰማ ኖራለች። በሽተኛን እያባበሉ መውቀስ ከበሽታው እኩል እንደሚያደቅቅ ብዙ ቤት ገና አልገባውም።

ሽማግሌው ምንም ሳይገዙ ወጡ። ዝናቡ ቢያቆምም እሳቸው ልብ አላሉትም። ከዝናቡ ይልቅ እያንዳንዱ ጠዋት ነበር የሚታያቸው፤ ያቺ የወተት ማሞቂያ ድስት፣ ጽዋው፣ እሷ ስትውጥ ከራስጌዋ ቁጭ ብለው መጠበቃቸው። በገዛ እጄ፣ አሉ ለራሳቸው። ደረጃውን ሲወጡ ልጃቸው በምትቆምበት ቦታ ላይ እሳቸውም ቆሙ። ከላይ የበረዶው ድምፅ ይሰማል።

ድንቡሼ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታለች፤ በረዶ የሞላ ብርጭቆ ይዛለች። መጋረጃው አልተከፈተም። ተማሪዎቿ የሣሉላት ሥዕሎች ከግድግዳው ተነሥተው ቦታቸው ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል።

«መድኃኒት ካመጣህ መልሰው፣ አባዬ» አለች ዐይኗን ሳትገልጥ።

«አላመጣሁም።»

ያን ጊዜ ገለጠችው። ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና የሰሙትን ሁሉ ነገሯት፤ መንገዱ የተቀየረውን አንጀት፣ ሽፋን ያለውን እንክብል፣ ሻዩን። የወተቱንም ነገር አልደበቋትም።

«ሰውነቴ እምቢ ብሎ አይደለም ማለት ነው?» አለች ድንቡሼ።

«ኦፕራሲዮኑም አለበት፤ ግን ለሱ መላ አለው ተብሏል። ወተቱን ያመጣሁብሽ ግን እኔ ነኝ።»

የበረዶውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ወተት ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ያቅለሸልሸኛል።»

«ምን አልሺኝ?»

«አንተ ወደ ሱቅ ስትወርድ ብዙ ቀን ያስመልሰኛል፤ ከነእንክብሉ። ሌላ የምታደርግልኝ ነገር አልነበረህም። እንዳይከፋህ ብዬ ነው የምጠጣው።»

እዚህ ላይ ተራኪው ዝም ማለት አይሆንለትም። በዚያ ቤት ሁለት ሰዎች በየጠዋቱ ይዋደዱ ነበር። አንዱ ሳይጠይቅ ይሰጣል፤ አንዷ ሳትናገር ትቀበላለች። በመካከላቸው አንዲት ሴት ቀስ በቀስ ታልቃለች። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ስንቱን እንዲህ እንዳስተኛው ቢቆጠር ጉድ ይፈላ ነበር።

«በል እንጂ» አለች ድንቡሼ።

«ምኑን?»

«‹ያኔ ብዬሽ ነበር› በለኝ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልልሽም። ስኳርሽ ወርዷል፣ ጉልበትሽም ቀሎልሻል። ያደረግሽው ልክ ነበር። ያልተማርኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አባቷ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ተቀመጡ። ለቅሶው ሲበርድላት ሳትዞር፣ «ጫማዬን አቀብለኝ» አለች።

የሆስፒታሉ ሐኪም ውጤቱን ሲያዩ ፊታቸው አልፈካም። ክምችቱ ተሟጥጧል፤ ዘግይታችኋል አሉ። የዛገ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ በክንዷ ደም ሥር መንጠብ ጀመረ። ሽማግሌው «ትድናለች?» ሲሉ፣ ሐኪሙ ደሙ እንደሚመለስ ተስፋ እናደርጋለን፤ ምርመራው ግን ዕድሜ ልክ ነው፣ አይረኑም ዳግም ሊያስፈልግ ይችላል አሏቸው። ሥራዋ አልተመለሰም። የረገፈው ጸጉርም ባንድ ጀምበር አይበቅልም። ሽማግሌው ሐኪሙ ያሏቸውን ሰምተው ሲወጡ ደስታ አልተሰማቸውም፤ የተሰማቸው ድካም ብቻ ነበር።

ቢሆንም የተማሩትን ሆድ ይፍጀው ብለው አልተዉትም። ዛሬ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ እንኳ ይህን ሳይሰማ አይሄድም፦ ሆዱን በኦፕራሲዮን ያስቀነሰ ሰው አይረኑን እንደማንኛውም ሰው አይምረጥ፤ ከወተት፣ ከሻይና ከካልሲየም ያርቀው፤ ቀስ ብሎ የሚሟሟውን አይፈልግ፤ ሳያመውም በየጊዜው ደሙን ያስመርምር፤ በአፍ አልገባ ካለው በደም ሥር እንዲሰጡት ይጠይቅ። አስታማሚም ከመስጠቱ በፊት ይጠይቅ።

ከሆስፒታል ከተመለሱ ሰንብተው አንድ ጠዋት፣ ሽማግሌው ከእንቅልፋቸው ነቅተው ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አደረጉ። የበረዶ ድምፅ የለም። ጠበቁ። ምንም የለም። በባዶ እግራቸው ሮጠው በሩን ሲከፍቱ አልጋው ባዶ ነው። ፍሪጁ ውስጥ በረዶው እንዳለ አለ፤ ማንም አልነካውም። ያ ‹ተወኝና ልሙት› ያለችው ቃል በጆሯቸው ጮኸ፤ የበሩን ጉበን ያዙ።

ከታች የመንገዱ በር ተከፈተ። የሰው እግር ደረጃውን መውጣት ጀመረ፤ ቀስ እያለ፣ የሚያውቁት እግር። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጡ። እግሩ ሁልጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ከሚቆምበት ቦታ ደረሰ፤ ሳይቆምም አልፎ ወደ ላይ ወጣ።