እትዬ ያልለቀቁት ብርድ ልብስ

እትዬ፣ ለእርስዎ የጻፍኩትን ምስጋና ላነብ ስቆም ልርዳት ብለው እንዳይነሱ። ዛሬ ቁጭ ይበሉ።

ወደ ቲያትር ቡድናችን የመድረክ አስተባባሪ ሆነው የመጡ ዕለት ተንበርክከው ወለሉን በመዳፍዎ ሲዳብሱ ዘበኛችን አየዎት። የጆሮ ጌጥ የጠፋብዎት መስሎት ባትሪውን አብርቶ አብሮዎት ተንበረከከ። ግማሽ ሰዓት ፈልጎ ፈልጎ፣ «እሜቴ፣ ለመሆኑ የጠፋው ምንድን ነው?» ቢልዎ፣ «ምንም አልጠፋም፤ የወጣ ሚስማር እንዳለ እያየሁ ነው!» አሉት። ይኸው እስከ ዛሬ አኩርፎዎታል።

ከዚያ ወዲያ ኑሯችን «ቀስ በሉ!» ሆነ። ሻይ ይዘን ስንገባ ቀስ በሉ፤ ደረጃ ስንወርድ ቀስ በሉ። በጓደኛችን ሠርግ ላይ ሙሽራው ብድግ ሲያደርጋት ከኋላ ማን እንደጮኸ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በጦርነቱ ጊዜ ሴቶች ስለሠሩት ሥራ፣ ያለ ድርሰት፣ በሰውነታችን እንቅስቃሴ ብቻ ትርኢት መፍጠር ስንጀምር ግን ሌላ ሰው አየን። ሁለት ሆነን ቁስለኛ የሆነውን ተዋናይ በብርድ ልብስ ተሸክመን ስንለማመድ አዳለጠንና ተዘረርን። እኛ በሳቅ ሞትን። እርስዎ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«በአሥራ አራት ዓመቴ ከእናቴ ጋር ቁስለኛ እሸከም ነበር። አዳልጦኝ አንዱን ጣልነው።»

«ተረፈ?»

«እንጃ። ሌሎች ተቀብለውን ወሰዱት።»

አዘጋጃችን፣ «ይህን ትርኢቱ ውስጥ እናስገባው?» ሲልዎ ቦርሳዎን አንስተው ወጡ። ሦስት ቀን ቀሩ። በቃ፣ አጣናቸው አልኩ። በአራተኛው ቀን መጥተው የብርድ ልብሱን ጫፍ መዳፌ ላይ ጠቀለሉልኝ። «እንዲህ ነው የሚያዘው። ስትወድቂ እንዳትለቂው። እኔ አልለቀቅሁም።»

በመክፈቻው ዕለት ቁስለኛውን የምንጥልባት ቦታ ደረስን። ወደቅን። እኔ ግን የማየው ከመጋረጃው ጀርባ የቆሙትን እርስዎን ነበር። ፊትዎን አላዞሩም። ከንፈርዎ ብቻ፣ «ተነሱ» አለ። ተነሳን።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አጥንቱ አልተሰበረም። ስናሾፍበት የኖርነው ጭንቀትዎ ነው የጠበቀን። እናመሰግናለን እትዬ።

ትናንት ለነገው ትርኢት ሁለት ወንበር ያዙልኝ አሉኝ። «አንዱ ለማን ነው?» ብልዎ፣ «ለእናቴ። ይህን ትርኢት እስከ ዛሬ ደብቄያት ነበር። ያን ቀን የብርድ ልብሱን ሌላ ጫፍ የያዘችው እሷ ናት» አሉኝ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እማማ ያን ውድቀት መድረክ ላይ ሲያዩ ምን ይሉን ይሆን? አልዋሽዎትም፣ ፈርቻለሁ። ወንበሮቹን ግን ከፊት ይዣቸዋለሁ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ! ለእትዬ ጤና፣ ለጉልበታቸው ዕረፍት፣ ነገ እጃቸውን ይዘው ለሚያስገቧቸው እናታቸውም ዕድሜ! ለሁለቱም!