መርፌ ወፍና የእማማ ዝምታ ጆሮ

ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን በቤታቸው ለአፍታ እንኳ ዝም የማይሉ ሰው ነበሩ። ይህን የሚያውቁ ጎረቤቶች፣ የደኑ ጥበቃዎች «እማማ ዝምታ» እያሉ እንደሚጠሯቸው በሰሙ ቁጥር ይስቁ ነበር። ስሙ የወጣላቸው ወፎች እንቁላል ጥለው በሚራቡበት ወራት ጎህ ሲቀድ በደኑ መንገድ ሲሄዱ፣ ያገኙትን ሰው ሁሉ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም ስለሚያሰኙ ነው። ያንን ደን ትቶ የእሳቸውን ሕይወት መናገር አይቻልም።

እናታችን ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ በነበሩት የሠራተኛ ቤቶች ውስጥ፣ ከመጋዝ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። የአባታቸው ጆሮ በመጋዙ ጩኸት ገና በጎልማሳነታቸው ስለ ደከመ፣ በር ሲንኳኳ፣ ውሃ ሲፈላ፣ ሰው ሲጣራ ሮጠው የሚነግሯቸው እሳቸው ነበሩ። አባታቸውም ለእንግዳ ሲያስተዋውቋቸው «ይቺ ጆሮዬ ናት» ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር ጀምረው ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። በመዝሙር የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ የእጅ ጽሑፋቸው ግን ዶሮ የጫረው ይመስል ስለ ነበር መምህራኑን አማርሯል። ከትምህርት ቤት እንደ ወጡ በስልክ ቤት ተቀጥረው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው መስመር የሚያገናኙ ሠራተኛ ሆኑ። ደዋዩ ስሙን ሳይናገር በድምፁ ብቻ ለይተው «ዛሬስ ጉንፋን ይዞዎታል» የሚሉት እሳቸው እንደ ነበሩ ዛሬም የሚያስታውሱ አሉ።

ባለቤታቸውን ያገኙትም በዚሁ መስመር ነው። አባታችን የስልክ እንጨት ላይ ወጥተው የተበጠሰ ሽቦ የሚቀጥሉ ጠጋኝ ነበሩና፣ መስመሩ መሥራቱን ለማረጋገጥ ወደ ስልክ ቤቱ በደወሉ ቁጥር የሚያነሱት እናታችን ነበሩ። ኋላ ላይ ያልተበላሸውንም መስመር መፈተን አበዙ። በአካል ሲተያዩ አባታችን አጠር ብለው ቢገኙ፣ እናታችን «ድምፅህን ስወድ ቁመትህን አልጠየቅሁም፤ መሰላል እንዳለህ ግን አውቃለሁ» አሏቸው። ተጋቡ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ።

ስልኩ በራሱ መገናኘት ሲጀምር የእናታችን ወንበር ታጠፈ። በዚያው ሰሞን መሰንጠቂያው ተዘግቶ ደኑ እንዲጠበቅ ተወስኖ ስለ ነበር፣ በደኑ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆነው ተመደቡ። የሚራቡትን ወፎች በየዓመቱ መቁጠር የጀመሩት የወፍ ባለሙያ፣ ጸሐፊዋ በመስኮት የሚሰሙትን ድምፅ እያስመሰሉ «ይሄኛው ደግሞ የማነው?» እያሉ ሥራ ሲያስፈቷቸው፣ ይዘዋቸው ወጡና አስተማሯቸው። ትምህርቱ ቀላል አልነበረም፤ እናታችን በመጀመሪያው ዓመት የጥበቃውን ፉጨት ወፍ ነው ብለው መዝግበዋል። ባለሙያው ይህን እስከ ዛሬ አልተዉላቸውም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ወፎቹ በሚራቡበት ወራት ከብረቱ በር ተነሥቶ እስከ ወንዙ ድረስ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ርምጃ፣ በዚያው ሰዓት መሄድ፤ በየማረፊያው ቆሞ ማዳመጥና የዘመረውን ሁሉ በካርታ ላይ ምልክት ማድረግ። ከዚያም ዛፎቹ ላይ የተሰቀሉትን የእንጨት ሳጥኖች በመሰላል ወጥቶ እየከፈቱ እንቁላሉንና ጫጩቱን ማየት። መሰላሉን የሚሸከሙት አባታችን ነበሩ። ወፉ በዛ አነሰ የሚባለው ከዓመት ዓመት ሳይለወጥ ሲቆጠር ብቻ ስለ ሆነ፣ እናታችን ጡረታ ከወጡም በኋላ መንገዱን አልተዉም። ገና በሥራ ላይ ሳሉ ታናሹን ልጃቸውን አርግዘው ሄደዋል፤ በእናታቸው ሐዘን ሰሞን ሄደዋል፤ አንድ እግራቸውን ወለም ብሏቸው በምርኩዝ ሄደዋል።

ከወፎቹ ሁሉ የሚሳሱላት በወንዙ ዳር ጥዶች ጫፍ ላይ የምትውል፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ወፍ ነበረች። ድምፅዋ ቀጭን ስለ ሆነ ቆጣሪዎቹ «መርፌ» ብለው ሰየሟት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መርፌ በካርታው ላይ እየሳሳች መጣች፤ ቀጥሎም ጨርሳ ጠፋች። እናታችን እጅግ አዘኑ። ወፏን ያባረራት በደኑ ውስጥ የሚያልፈው የወንዙ ዳር አቋራጭ መንገድ ነው፣ የሰው እግር በዝቶባታል ብለው ለጽሕፈት ቤቱ አመለከቱ፤ አቋራጩም በአጥር ተዘጋ። ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ገበያ ለመሄድ ደኑን ሙሉ መዞር ግድ ሆነባቸው። ብዙዎች ተቀየሟቸው። እሳቸው ግን «ሰው መዞር ይችላል፤ እሷ ወዴት ትዞራለች?» ብለው ጸኑ።

የአባታችን ጉልበት ታምሞ መሰላሉን መሸከም ባቃታቸው ጊዜ፣ የታናሽ ልጃቸው ሚስት ሕፃን ልጇን አዝላ ታግዛቸው ጀመር። አንድ ጠዋት ከወንዙ ዳር ሲደርሱ ምራታቸው ቆም ብላ «እማማ፣ ይቺ ከላይ ሲሲሲ የምትለው ማናት?» አለቻቸው። እናታችን አዳመጡ። «ምንም የለም፤ ቅጠል ይሆናል» አሏት። «አሁንም እያለች እኮ ነው» አለች ምራታቸው። ሕፃኗም በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና አንገቷን ወደ ጥዱ ጫፍ አቀናች። እናታችን የሕፃኗን ዓይን ተከትለው ቀና ሲሉ፣ መርፌ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታ ስትዘምር አዩ። ድምፅ ግን አልሰሙም።

ያን ዕለት በቤታቸው ዝም አሉ። ለአባታችን የታመሙ መሰላቸው። በማግስቱ ከጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ሐኪሙ እንደ ስልክ ቤቱ ዓይነት ማዳመጫ አደረገላቸውና ድምፅ ሲሰሙ እጃቸውን እንዲያነሡ ነገራቸው። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ምርመራው እስኪጀመር ሲጠብቁ፣ ሐኪሙ ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ አሰምቶ ጨርሶ ነበር። ወፍራሙን ድምፅ ደህና አድርገው ይሰማሉ፤ ቀጭኑ ግን ሳያውቁት ከጆሯቸው ወጥቷል።

እናታችን ይህን ለራሳቸው ይዘው መቅረት ይችሉ ነበር። ያስፈራቸው አንድ ጆሮ በመድከሙ የዚያ ሁሉ ዘመን ቆጠራ ከንቱ ተብሎ እንዳይጣል፣ ያን መንገድም ዳግመኛ እንዳይሄዱት ነበር። ቢሆንም የጽሕፈት ቤቱን ሰዎችና የወንዙ ማዶ ነዋሪዎችን አስጠርተው በአጥሩ አጠገብ ቆሙና «ወፏ አልጠፋችም። የጠፋው የኔ ጆሮ ነው» አሉ። አንዲት ባለሱቅ «ታዲያ እኛ ያን ሁሉ የዞርነው በእርስዎ ጆሮ ነዋ» ቢሏቸው፣ «አዎ እህቴ፣ በኔ ጆሮ ነው። ይቅር በሉኝ» ብለው መለሱ። ባለሱቋም «ግድ የለም፤ እኔንም መዞሩ አቅጥኖኛል» አሏቸውና ሰው ሁሉ ሳቀ። አጥሩ በዚያው ሳምንት ተነሣ።

የመጀመሪያው ባለሙያ ከጡረታቸው ተጠርተው ካርታዎቹን ሲመረምሩ፣ የተጎዳው የቀጭን ድምፅ ወፎች ቆጠራ ብቻ መሆኑን አረጋገጡ፤ የቀረው ተረፈ። እናታችንም አንድ ነገር ለመኑ፦ ከእንግዲህ ሁለት ሰው አብሮ ይሂድ፣ አንድ የቆየ፣ አንድ ወጣት ጆሮ። ከዚያ ወዲህ ምራታቸው እየሰማች በጣቷ ታመለክት፣ እሳቸውም ዶሮ የጫረው በሚመስለው ጽሑፋቸው ምልክት ያደርጉ ነበር። መርፌ ወደ ካርታው ተመለሰች። ሰው ስለ ምራታቸው ሲጠይቃቸው «ይቺ ጆሮዬ ናት» ይሉ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሳንባቸው ታመመ። በሐኪም ቤትም በቤትም ሲታከሙ ቆይተው፣ ወፎቹ መዘመር በጀመሩበት በዚህ ሰሞን ከትናንት በስቲያ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የጠየቁት ስለ መድኃኒት አልነበረም። የዘንድሮው የመጀመሪያ ቆጠራ ዛሬ ጠዋት መሆኑን ያውቁ ነበርና ምራታቸውን «በኔ ለቅሶ ምክንያት እንዳታስታጉዪው፤ ወፎቹ ሐዘን አለብን ብለው አይጠብቁሽም» ብለው አዘዟት።

ዛሬ ጠዋት ምራታቸው ከለቅሶው ቤት ስትታጣ አንዳንዶቻችሁ ታዝባችኋል፤ ጫማዋ ጭቃ ይዞ ስትመለስም አይታችኋል። ታናሽ ልጃቸው ሕፃኗን ይዞ ቤት ቆየ፣ እሷ ግን ከብረቱ በር እስከ ወንዙ ድረስ ከባለሙያው ጋር ሄዳ መጣች። ባለሙያው መሰላሉን መሸከም ስለማይችሉ ሳጥኖቹ ለነገ ቀርተዋል። በወንዙ ዳር ጥዶች ላይ መርፌ ዘምራለች።

እናታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሁለት ምራቶቻቸውንና አንድ አማቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ዕድሜ ልክ የተጨቃጨቋቸውን ታላቅ እህታቸውንና በዚያ መንገድ ላይ ዝም ያሰኟቸውን ብዙ ወዳጆች ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ያስታመማችኋቸውና ዛሬም ከሩቅም ከቅርብም ለመሸኘት የመጣችሁ ሁሉ፣ ቤተሰቡ ያመሰግናችኋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን። በዚህ ዓለም ሳሉ አይተው ያልሰሙትንም በዚያኛው ያሰማቸው። አሜን።