ማማ መነቅነቅ ነውር አይደለም

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ አስመራ ውስጥ፣ እዳጋ ሓሙስ ፌርማታ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም አያ ዓንደማርያም ከልጃቸው ከአስገዶም ጋር ብቅ አሉ። ሽማግሌው ትከሻቸው ላይ ጥቅል ጠፍር ተሸክመዋል። ገና እርጥብ የበሬ ቆዳ ስለ ነበር ከእሳቸው ቀድሞ ሽታው ደረሰኝ። አጠገቤ የቆመች ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። እኔን ግን ያስደነገጠኝ ሽታው አልነበረም፤ ጠፍሩ ለምን እንደ ተገዛ ስለማውቅ ነው።

«ከመይ ሓዲርኪ የሺሀረግ!» አሉኝ በትግርኛቸው። ወዲያው ወደ አማርኛ ተመለሱ፤ እኔ የጎንደር ሰው ስለሆንኩ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጉልኛል። «ምነው ከሳሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ አያ። ይህ ሁሉ ጠፍር ለምንድን ነው?»

«ለማማ ነዋ! ሰኞ ወደ ባሕሪ እንወርዳለን። የእኔ ዐይን ደክሟል፤ ዘንድሮ ማማ ላይ የሚወጣው ይኸ ነው» ብለው አስገዶምን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። አስገዶም እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሮ ሥራ ያጣ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ነው። ፈገግ አለ፤ ግን ዐይኑን ከመሬት አላነሳም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ልናገር። ከአስመራ በስተምሥራቅ ያለውን ቁልቁለት የአገሩ ሰው ባሕሪ ይለዋል። እዚያ አንድ ጣሊያን ሰፊ የብርቱካን እርሻ አለው። ብርቱካኑ መብሰል ሲጀምር ከርከሮ ከጫካ እየወጣ የዛፉን ሥር ይምሳል። ከርከሮውን እየገደለ እርሻውን የሚጠብቀው የባሌ ቤተሰብ ነው። አዳኙ ከሦስት ሰው ቁመት ከፍ ብሎ ዛፍ ላይ ማማ ይሠራል፤ ወጋግራ አጋድሞ ከግንዱ ጋር በጠፍር ያስርና እዚያ ላይ ጠመንጃውን ታቅፎ ይቀመጣል። አያ ዓንደማርያም ማማ በመሥራት የታወቁ ናቸው። ባለፈው ዓመት ባሌ መንግስትኣብ እሳቸው ከሠሩት ማማ ወድቆ ሞተ። ቅርንጫፍ ተሰብሮበት ነው ተባለና ተቀበረ።

«አውቶቡሱ ይሂድ» አልኳቸው። «አንድ አንድ ሻሂ ጠጡልኝ።»

ከፌርማታው ማዶ ካለችው ሻሂ ቤት ገባን። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፤ ሻሂው ሳይቀርብ ጀመርኩ።

«አያ፣ ዘንድሮ እንኳ ማማውን ይግዙ። መደበር ገበያ ያሉት በያጆች ከውሃ ቧንቧ መሰላል ይሠራሉ፤ ጫፉ ላይ መቀመጫ አለው፣ ከዛፉ ጋር በሰንሰለት ይታሰራል። ሌሎች አዳኞች እሱን መያዝ ከጀመሩ ቆይተዋል።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «ማማ ይገዛል? ቀጥሎ ደግሞ የሚተኩስልህን ሰው ግዛ በይኛ!»

«ቢገኝ መልካም ነበር።»

«ስሚ፣ የወንድሜ ሚስት። አባቴ ማማ ሲሠራ ምስማር በእጁ አልነካም። አያቴም አልነካ። እኔ ሁለት እጅ እያለኝ የዘይት በርሜል ከሚቀጠቅጥ ሰው ቆርቆሮ ገዝቼ ልጄን ልስቀልበት? ከርከሮው ራሱ ይስቅብናል!»

«ከርከሮው ይሳቅ። ለቅሶው የሚመጣው እኛ ቤት ነው።»

አስገዶም ጉሮሮውን ጠረገ። «አቦይ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልበል።»

«በል እንጂ። አሥር ዓመት ያስተማርኩህ ዝም እንድትል ነው?»

«ጠፍር እርጥቡን ታስሮ ሲደርቅ ይጠብቃል፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እዚህ ደጋ ላይ ክረምት ካለፈ ሁሉም ደረቅ ነው። አያቴ ማማ የሚሠሩት የማሽላ ማሳ ለመጠበቅ፣ እዚሁ ደጋ ላይ ነበር። ባሕሪ ግን ዝናቡ የሚጀምረው አሁን፣ እኛ በምንወርድበት ጊዜ ነው። ጉሙም ቀን ከሌት አይለቅም። የደረቀው ጠፍር መልሶ ውሃ ይጠጣና ይላላል።»

«ዝናብ ያየሁት አንተ ሳትወለድ ነው!» አሉ ሽማግሌው። «ሰባት ዙር አዞራለሁ። ባሕሪ መጀመሪያ በወረድንባቸው ሁለት ዓመታት ተፈታ? አልተፈታም።»

«በእነዚያ ዓመታት ዝናቡ ቀርቶ ነበር፣ አቦይ።»

«ብረትስ? ይዝጋል፤ ደግሞም ይንኳኳል። ከርከሮ ጆሮው ቀጭን ነው።»

«ጆንያ ይጠመጠምበታል።»

«ጆንያ! የአሥረኛ ክፍል ትምህርት ጆንያ መጠምጠም ኖሯል!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «መንግስትኣብን የገደለው ጠፍር አይደለም። ዛፉ ነው የከዳው። ያን ዛፍ መጋቢት ላይ ወርጄ በመጥረቢያ ጣልኩት። እስከ ዛሬ ምድጃዬ ውስጥ የሚነደው እሱ ነው።»

ይህን ሲሰማ ሰው ሊያዝን ይችላል። እኔ ግን አፈርኩ፤ የማፍርበትን ምክንያት ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። በዚያች ሰዓት ከሽማግሌው ጋር መከራከሩ እንዳልጠቀመ ስላየሁ ወደ ልጁ ዞርኩ።

«አስገዶም፣ ማማው ታስሮ ሲያልቅ፣ ከመውጣትህ በፊት ይዘህ ትነቀንቀዋለህ?»

ደነገጠ። «የአባቴን ማማ፣ እትዬ የሺ?»

«አዎ፣ የአባትህን።»

«እንዴት አድርጌ?»

አያ ዓንደማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ብሏቸዋል። «ልጅ አሳድጌአለሁ» አሉ።

በእነሱ ዘንድ ደንቡ እንዲህ ነው። ታላቅህ የሠራውን ማማ እታች ቆመህ ከነቀነቅከው፣ «አላምንህም» ብለህ በሰው ፊት እንደ ሰደብከው ይቆጠራል። የሠራው ሰው «ውጣ» ይላል፣ ታናሹ ይወጣል፣ አለቀ። አንድ ጎበዝ የአጎቱን ማማ ነቅንቆ ሦስት ዓመት ሳይነጋገሩ ቆዩ ሲባል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚፈራውን ነገር ሳይነካ ይወጣበታል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ ቢሆንም የገዛ ነፍስን የሚያህል ነገር ለይሉኝታ መስጠት ትልቅ ድንቁርና መሆኑን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያሻም። እኔ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።

«አያ» አልኳቸው። «ዛፉ አልከዳም።»

«ምን አልሽ?»

«የወደቀ ዕለት ከእርሻው መኪና ጋር የወረድኩት እኔ ነኝ። እርስዎ እዚህ ታመው ተኝተው ነበር። ዛፉን አየሁት። ቅርንጫፉ አንድም አልተሰበረም። የተሰበረ ቅርንጫፍ የሚባለው እኔ የፈጠርኩት ነው።»

አስገዶም የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«ጠፍሩ ነበር» አልኩ። «እንደ ተቀቀለ አንጀት ረዝሞ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። በቢላዋ ቆርጬ ገደል ውስጥ ጣልኩት፤ እርስዎ እንዳያዩት።»

ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«የትኛው?» አሉ ቀስ ብለው። «የግንዱ ነው የመቀመጫው?»

«የግንዱ።»

«ሁለቱም?»

«አንደኛው ተንሸራቶ ወርዷል። ሁለተኛው ብቻውን መሸከም አቅቶት ተበጥሷል።»

«ስንት ዙር ነበር? ቆጥረሽዋል?»

«ሰባት።»

«እወ» አሉ። «ሰባት ነው የማዞረው።» ቀጥለው «ሓቂ ድዩ?» አሉ፤ እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው። የጠየቁት እኔን ይሁን ሌላ አላወቅሁም።

መናገር ከጀመርኩ አልቀረ፣ የራሴንም አልደበቅሁም። «ከመሞቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ቤት መጥቶ፣ ‹ማማው ስቀመጥበት ዝቅ የሚል መሰለኝ፤ ልነቀንቀው ብዬ ነበር› አለኝ። እኔ ምን አልኩት መሰለዎት? ‹ተው፣ ታላቅህ ቢሰሙ ይቀየሙሃል። እሳቸው ያሰሩትን አንተ ትፈትናለህ?› አልኩት። ‹እውነትሽን ነው› አለና ተወው። ሰኞ ወረደ፤ ሐሙስ ሬሳውን አመጣሁ። ስለዚህ አያ፣ እርስዎን ብቻ አልከስም። ጠፍሩን ያሰሩት እርስዎ ነዎት፤ እንዲወጣበት ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ይህ ልጅ ‹እንዴት አድርጌ› ይላል፤ ሰምተውታል። እሱም ልክ እንደ አጎቱ ሳይነካው ይወጣል።»

ሻሂው በረደ። ሻሂ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስለ አውቶቡስና ስለ በርበሬ ያወራሉ። ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንተ። ጠፍሩ እንደሚላላ ታውቅ ነበር?»

«እጠረጥር ነበር፣ አቦይ።»

«እየጠረጠርክ ሰኞ ልትወጣ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እርስዎ ‹ውጣ› ካሉኝ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

አያ ዓንደማርያም ተነሡ። «መደበር የሚሄደው በየት በኩል ነው?» አሉ። አስመራ ተወልደው፣ አስመራ ያረጁ ሰው መደበር የሚወስደውን መንገድ ጠየቁ።

መደበር ስንደርስ ሃብተማርያም የሚባለው በያጅ ሁለት የተሠሩ መሰላሎች አሳየን። ሽማግሌው ብረቱን እያዩ ቆሙ፤ ሊነኩት አልደፈሩም። ሃብተማርያም ሳቀ።

«አባቴ፣ ምን ያፍራሉ? ይነቅንቁት እንጂ! ልጁም ይንጠልጠልበት። ከተወዛወዘ ይስደቡኝና እንደገና እበይደዋለሁ። ዛሬ መሰደብ ይሻለኛል።»

የእኔን ምክር በሦስት ቃል የጨረሰው ይህ የማላውቀው ሰው ነው። የተገዛው ማማ ጥቅሙ ብረት መሆኑ ብቻ አይደለም። ዝናብ አያላላውም፣ ምስጥም አይበላውም፣ ይህ እውነት ነው፤ ወቅቱ ሲያልፍም ተፈቶ ቤት ይገባል። ትልቁ ነገር ግን የሠራው ሰው ባዕድ ስለሆነ ያለ ይሉኝታ ትጠረጥረዋለህ። ብሎኑን ትፈትሻለህ፣ ሰንሰለቱን ትስባለህ፣ ማንም አይቀየምህም። በእጃችሁ መሥራት የምትወዱም ሥሩ፤ አልከለክልም። ብቻ ሠርታችሁ ስትጨርሱ ታናሻችሁን «ነቅንቀው» በሉት። እናንተም ሚስቶች፣ ባላችሁ ስጋቱን ሲነግራችሁ «ሰው ይቀየምሃል» ብላችሁ አፉን አትዝጉ። እኔ ዘግቻለሁ።

አስገዶም ያን ዓመት በብረቱ ማማ ሠርቶ በሰላም ተመለሰ። ዝናቡም እንደዚያ ዓመት ጠንክሮ አያውቅም አሉ። አሁን እዚያው እርሻ ላይ ቋሚ ሥራ ይዟል።

አባቱ ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ቤቴ መምጣት ቀነሱ። ሲመጡም እንደ እንግዳ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከጣሉት ዛፍ የቀረውን ማገዶ አውጥተው ለጎረቤት ሰጡ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስሸኛቸው፣ «ዝም ያልሽው ለእኔ አዝነሽ ነው፤ የቐንየለይ» አሉኝ፤ ምስጋናቸው ነው። ምስጋና ሆኖ ግን አልተሰማኝም።

ባለፈው ሰኔ፣ ማይ ተመናይ ሰፈር ያለችው ልጃቸው ኣዜብ ወልዳ ልጠይቃት ሄጄ ሳለሁ እሳቸውም መጡ። በቤተሰቡ ውስጥ በርጩማውንም፣ አልጋውንም፣ የበሩን መቀርቀሪያም የሠሩት እሳቸው ናቸው። ኣዜብ ሕፃኑን ታቅፋ፣ «አቦይ፣ ትንሽ አልጋ ይሥሩለት እንጂ» አለቻቸው።

«ከሱቅ ግዢ፣ ልጄ» አሏት። «እኔ የሠራሁት ላይ ሰው አይተኛም።»

ኣዜብ የቀለዱ መስሏት ሳቀች። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። የገዛ እጃቸውን እስኪጠራጠሩ ድረስ እንዲያምኑኝ አልፈለግሁም ነበር።