ጋሽ ሜትር በኖራ የሠሩት ቤት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ የቆማችሁም ኑ፤ ቦታ ሞልቷል፤ ሟቹ ቢኖሩ ለክተው ይነግሯችሁ ነበር። ስልክ ያላችሁ ዝጉት፣ ወሬ ያላችሁ ዋጡት። ልጆቻቸው ይህን የሕይወት ታሪካቸውን ወረቀት ሲሰጡኝ፣ አጎቴ፣ ቀልድ እንዳታበዛ ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ከዚህ በኋላ ሳቅ ከመጣባችሁ ጥፋቱ የሟቹ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሜትር እያለ የሚጠራቸው ታላቅ ወንድሜ፣ ከግንበኛው አባታችንና ከዳቦ ጋጋሪዋ እናታችን የዛሬ ሰባ አራት ዓመት ተወለዱ። ገና በዳዴ ሳሉ የበሩ ደፍ ስንት ስንዝር እንደሆነ ያውቁ ነበር ትል ነበር እናታችን፤ እናት መቼም ታጋንናለች። የአራተኛ ክፍሉ ነገር ግን እውነት ነው። የክፍላችን ወለል በሰሌዳው በኩል በአንድ ጫማ ይጠባል ብለው ከአስተማሪው ተከራክረው ተንበርክከው ዋሉ፤ በማግሥቱ አስተማሪው ራሱ ሲለካው እውነትም ጠቦ ተገኘ። ይቅርታ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እሳቸውም ቅር አላላቸውም፤ ያሳሰባቸው ለምን እንደ ጠበበ ነበር እንጂ። ጠይቀው ጠይቀው ሲደርሱበት ለካስ ያን ክፍል የገነቡት አባታችን ኖረዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ራት ላይ ስለ ልኬት ማውራት ተከለከለ።

ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ ቅየሳ ተምረው መንገድ ሥራ ገቡና፣ ያን ሦስት እግር ያለውን መሣሪያ ተሸክመው ሠላሳ አንድ ዓመት ዞሩ። ወረቀት ላይ ያለ መንገድ አያምኑም ነበር፤ እስቲ እንየው ብለው ሄደው፣ መሬቱን ረግጠው፣ የአገሬው ሰው በየት በኩል እንደሚያቋርጥ ጠይቀው ነው የሚመለሱት። ከእሳቸው ጋር ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው ለምሳ አይደርስም፤ በየበሩ ይህ ለምን እንዲህ ሆነ እያሉ ያቆሙታል።

ትዳራቸውም ከልኬት አላመለጠም። ሱሪ ሊያሰፉ ሄደው፣ ወገቤ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተሳስተሻል እያሉ ልብስ ሰፊዋን ሦስት ጊዜ አመላለሷቸው። በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ፣ ማለትም ዛሬ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት እትዬ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ሱሪውን ፈልገህ ከሆነ ውሰድ፣ እኔን ፈልገህ ከሆነ ለአባቴ ንገር አሏቸው። እሳቸውም ሁለቱንም ወሰዱ። አርባ አራት ዓመት በትዳር ኖረው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አሳድገዋል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ማዶ ያሉት ጡረተኛ ባቡር ነጂ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጠው ሲውሉ አይተው፣ ምን እያዩ እንደሆነ ሊጠይቁ ተሻገሩ። ሰው ሲያልፍ አያለሁ አሏቸው ባቡር ነጂው። ይህች መልስ አላስተኛቸው አለች። ቤት ለቤት እየዞሩ በዕድሜ የገፉትን ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት ከቤተሰብህ ውጪ ከማን ጋር አወራህ እያሉ ጠየቁ። አብዛኛው ሰው ለማሰብ ጊዜ ወሰደበት።

በዚያው ሰሞን አሮጌው መጋዘን የፈረሰበት ባዶ ቦታ ለሰፈሩ መዝናኛ ማዕከል ተፈቀደ። ወጣቱ ኳስ ሜዳ፣ አዛውንቱ ማረፊያ ጠየቀ። ኮሚቴ ተቋቁሞ ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሊቀ መንበር ሆኑ። ዳይሬክተሩ ቅን ሰው ናቸው፣ እዚሁ አሉ፣ አይቀየሙኝ፤ ግን ፊሽካ ካልተነፋ ሰው የሚበታተን ይመስላቸዋል። ግቢው መሀሉን በግድግዳ ይከፈል፣ ሽማግሌ በዚህ በር ጎረምሳ በዚያ በር ይግባ፣ ሽማግሌ ጸጥታ ይወዳል አሉ። ጋሽ ሜትርም ማን ነገረዎት ብለው ጠየቁ፤ ነገር ፍለጋ ሳይሆን እውነት ማወቅ ፈልገው።

የሚያውቅ ሲጠፋ ኖራ አምጥተው ማዕከሉን በሙሉ ልኩ መሬት ላይ አሰመሩት፤ በሩን፣ መስኮቱን፣ የመሀሉን ግድግዳ ሳይቀር። ከዚያም ወንበራችሁን ይዛችሁ ኑና አንድ ሳምንት ዋሉበት አሉ። ሳቅንባቸው። እሳቸው ግን በመሥመሩ ላይ ረግጦ የሚገባውን፣ ወዳጄ፣ ግንብ ጥሰህ ነው የገባኸው፣ ተመለስና በበሩ ግባ እያሉ ሲመልሱ፣ በሁለተኛው ቀን ሰዉ ራሱ እርስ በርሱ በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ መባባል ጀመረ። በር በሌለበት፣ ጣሪያ በሌለበት!

ሰው ሲበተን ጋሽ ሜትር የወንበር እግሮች መሬቱ ላይ የተዉትን ጉድጓድ አንድ በአንድ ለክተው ደብተራቸው ላይ ያሰፍሩ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የአዛውንቱ ወንበሮች ከመሀሉ ግድግዳ ርቀው ጥጉን ይዘው ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ሜዳው ዞሩ። በአምስተኛው ቀን የባቡር ነጂው ወንበር ሁለት እግሩ ከግድግዳው ወዲህ፣ ሁለት እግሩ ወዲያ ሜዳው ላይ ተገኘ። እኚህ ሰው እግራቸው ሥር የደረሰችውን ኳስ ይዘው፣ ስንት ለስንት እንደሆናችሁ ካልነገራችሁኝ አልሰጥም እያሉ ወጣቱን ሲያስለምኑ ዋሉ፤ ወጣቱም ሳይጠየቅ ብዙ ይነግራቸው ጀመር፤ አንዷማ ፈተና መውደቋን ከእናቷ በፊት ለእሳቸው ነው የነገረችው። ሳምንቱ ሲያልቅ ሌላው መሥመር ሁሉ በደንብ ይታይ ነበር፤ የመሀሉ ግድግዳ ብቻ በእግር ተረግጦ ጠፍቷል።

“ኖራ ስለሆነ ነው የጠፋው፤ ጡብ ቢሆን አይጠፋም ነበር” አሉ ዳይሬክተሩ።

“እሱማ እውነት ነው፤ የምፈራውም እሱኑ ነው” አሉ ጋሽ ሜትር።

ክርክሩ ሳይቋጭ ኩላሊታቸው ታመመ። ስምንት ወር ሲታከሙ ሐኪሙን ከመጠየቃቸው ብዛት፣ ሐኪሙ ወደ እሳቸው ክፍል የሚገባው አጥንቶ ነበር። አልጋ ላይ ሆነው በግድግዳው ፋንታ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነደፉ፤ በአንድ በኩል ጉልበቱ ለሚያመው ከፍ ያለ፣ በሌላው በኩል ለወጣቱ ዝቅ ያለ፣ ጀርባ የሌለው፣ በሁለቱም ወገን የሚያስቀምጥ። ሊጠይቃቸው መጥቶ ጉልበቱን ሳይለካ የወጣ የለም። መሠራቱን ብቻ አልነበረም ማየት የተመኙት፤ ከተሠራ በኋላ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ነበር። ይህን ሳያዩ ማክሰኞ ጠዋት ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ታናሽ ወንድማቸውን፣ ከመስኮታቸው የወረዱትን ባቡር ነጂና ገና ያልጸደቀ አንድ ፕላን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ጥያቄ ሲያበዙም መላእክቱን ትዕግሥት ይስጥልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን።

ወረቀቱ እዚህ ያልቃል። ዛሬ ጠዋት የሆነውን ግን ሳልጨምር አልወርድም። ኮሚቴው ሰኞ ሊወስን ነውና፣ ዳይሬክተሩ እያለቀሱ ቤት መጥተው፣ ለሟቹ ክብር ሲባል የመሀሉ ግድግዳ ይገንባ፣ በስማቸው ይጠራ፣ ትልቅ ፎቶግራፋቸውም ይሰቀልበት አሉ። ከልባቸው ነው ያሉት። ቤት የነበረው ሰው ግማሹ ይሁን ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ አልዋሽም፣ እኔም ነቅንቄያለሁ። እትዬ ቀና አሉና እንዲህ አሉ፦

“እዚያ አግዳሚውን ሥሩ። ለፎቶው እኔ ቤት አራት ግድግዳ አለ።”